ጀርባ የሌለው ፊልም

ሰፈሩ «አጣማሪው» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በሥራው ነው፤ በሠርጉ ቀን ያልነበረን ወንድም፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ሳይነሳ የሞተን አባት በአንድ ፎቶ ላይ ከሌሎቹ ጋር ያጣምራል። አባቷ ሠርጓን ሳያይ የሞተባት ሴት ከአሮጌ መታወቂያ ላይ የተላጠች ጉርድ ፎቶ በመሐረብ ጠቅልላ ትመጣለች። አጣማሪው ጉርዱን ያሳድጋል፤ ከሌላ ሰው ፎቶ ትከሻና ኮት ይበደራል፤ ማኅተም ያረፈበትን ጉንጭ ያጸዳል፤ ከዚያም ሟቹን ከሙሽራዋ በስተቀኝ ያቆመዋል። ሴትየዋ ፎቶውን ስታይ ታለቅሳለች። ይህን ስለለመደው ወንበር አስቀድሞ ያቀርባል።

ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ሥራ ሲፈታ በሩ ላይ ቆሞ ይለክፈዋል።

«ሙቱን ሁሉ ስታጣምር ትውላለህ፤ እኔንስ ከአንዲት ባለ ፎቅ ጋር ብታጣምረኝ ምን አለበት?»

«ባለ ፎቋ አንተን ካየች ፎቁን ጥላልህ ነው የምትሄደው።»

«ጥላልኝ ትሂዳ! እኔ መች እሷን አልኩ?»

ለዚህ ሥራ አጣማሪው አንድ ሕግ አለው፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን መምጣት አለበት። ሙሽራዋን ከግራ ያበራ ብርሃን ሟቹን ከቀኝ ካበራው፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር ይከነክነዋል። ስለዚህ የሰው ፊት ከማየቱ በፊት ጥላውን ያያል። መንገድ ላይ ሰው ሲያናግረው እንኳ ዓይኑ ከአፍንጫ ሥር ወደ ወደቀችው ጥላ ይሄዳል። ሚስቱ «እኔን ሊያጭ የመጣ ቀን ያየው ጥላዬን ነው፤ መልኬን ያየው ከተጋባን በኋላ ነው» ትላለች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ፎቶ ቤቱ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ክፍል ነው፤ ከመስኮቱ ሥር የእሷ የስፌት መኪና፣ ወደ ውስጥ ደግሞ የእሱ ሁለት መብራቶችና ደረጃና አበባ የተሳለበት መጋረጃ። ከመጋረጃው ጀርባ ድሮ ፊልም ያጥብበት የነበረው ጨለማ ክፍል አለ፤ ዛሬ የቁርጥራጭ ጨርቅ ማስቀመጫ ሆኗል። ሚስቱን «እናቷ» ይላታል፤ እሷም «አባቷ» ትለዋለች። ያቺ ሁለቱም በእሷ የሚጠራሩባት አንዲት ልጃቸው አድጋ መነጽር ቤት ትሠራለች፤ የምትኖረውም ለብቻዋ ተከራይታ ነው።

ስልክ ሁሉንም ሰው ፎቶ አንሺ ካደረገው ወዲህ ወደ አጣማሪው የሚመጣው ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ብቻ ነው። ጉርድ ፎቶ ፈላጊ አያወራም፤ ነጩ ግድግዳ ፊት ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ «ቶሎ ይደርሳል?» ይላል፣ ይሄዳል። ቆይቶ ማጣመሩንም ስልክ ይሠራው ጀመር። አንዲት የቆየች ደንበኛው የሞተ ባሏን ራሷ በስልኳ አጣምራ አመጣችና «አትምልኝ» አለችው። የባልየው ጥላ ከተቃራኒ ወገን ነበር። ነገራት። «ምን ቸገረኝ፣ እሱ መሆኑ ይታወቅ የለ?» አለችው። አተመላት። ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ዋለ።

ጨረቃ ወደ ቤቱ የገባችው በፀጉር አስተካካዩ ስልክ ነው።

«ና እስቲ እይ፣ ይሄ ያንተ ሙያ ነው» አለው ጎረቤቱ አንድ ከሰዓት በኋላ። «ጨረቃ ላይ ወጣን ያሉት ሰዎች ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተነሱት ይላል።»

አጣማሪው እየሳቀ ቀረበ። በቪዲዮው ውስጥ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ሰው ጨረቃ ላይ የተነሳን ፎቶ ያሳያል፤ የድንጋዩ ጥላ ወደዚህ፣ የሰውየው ጥላ ወደዚያ መሄዱን በቀይ መስመር ያመለክታል። አጣማሪው ሳቁን ተወ። ስልኩን ከጎረቤቱ እጅ ወሰደና ምስሉን አቆመው።

«ሁለት መብራት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«በሁለት መብራት ነው የተነሳው። አንዱ እዚህ ጋ፣ አንዱ እዚያ ጋ። ፀሐይ አንድ ናት፤ ጥላና ጥላ አታጣላም።»

«እንግዲህ እኔ የማውቀው ፀጉር ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «የነሱ ደግሞ ተሸፍኗል።»

አጣማሪው ተሳስቶ ነበር። መሬቱ ጎርባጣ ሲሆን፣ አንዱ ጥላ ጉድጓድ ሲወርድ ሌላው ጉብታ ሲወጣ፣ በአንዲት ፀሐይም አቅጣጫቸው የተለያየ ይመስላል፤ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ሌንስ ሲጨመርበት ይብሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። እሱ ግን ዕድሜውን የሠራው በጣሪያ ሥር ነው፤ የሚያውቀው መሬት ለጥ ያለ ሲሚንቶ፣ የሚያውቃት ፀሐይ በዘንግ ላይ የቆመች አምፖል ናት። የተሳሳተው አሳምሬ አውቀዋለሁ በሚለው ነገር ስለነበረም ማንም ሊመልሰው አልቻለም።

ከቪዲዮው ሥር ጻፈ፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ አንሺ ነኝ። ይህ በሁለት መብራት የተነሳ ነው። ዋናው መብራት በስተግራ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።» ሁለት ጉርድ ፎቶ አንስቶ ሲመለስ ከማያውቃቸው ሰዎች መልስ ተደርድሮ ጠበቀው። «ባለሙያ ተናገረ!» «ጋሼ፣ እባክዎ በደንብ ያስረዱን።» «መብራቱ ምን ያህል ይርቃል?» ይህን የመጨረሻውን ደጋግሞ አነበበው። መብራቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ሰው ከጠየቀው ዘመን አልፎታል።

በዚያው ሳምንት «ያልጠረጠረ» ወደሚባል ግሩፕ አስገቡት። ስሙ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከሚለው ተረት የተቆረጠ ነው። በግሩፑ ውስጥ ሾፌር አለ፣ የጥበቃ ሠራተኛ አለ፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሹም አለ፣ ሥራ ፈልጎ ያጣ ምሩቅ አለ፤ አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ ምን ታስባለህ ብሎ የሚጠይቃቸው የሌለ ሰዎች ናቸው። እዚያ ግን ሁሉም የተገለጠላቸው ናቸው፤ ያልተገለጠለት ሌላው ዓለም ነው፤ ሚኒስትሩም፣ ፕሮፌሰሩም ተታልለዋል፣ እነሱ አልተታለሉም። አጣማሪው ስቱዲዮው ውስጥ በትሪ አሸዋ አፍስሶ፣ በአሸዋው ላይ ዕንቁላል አቁሞ፣ ሁለቱን መብራቶች አብርቶ ጥላ እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል በቪዲዮ አሳየ። እየቀረጸ ሳለ ሚስቱ ከወዲያ ማዶ «ጨረቃህን ስትጨርስ ዕንቁላሌን መልስ፤ ለምሳ ነው» አለችው። ይህም ሳይቆረጥ አብሮ ወጣ። ሰው ወደደው። «መምህር» ይሉት ጀመር።

ልጅቱ እሑድ እሑድ ስትመጣ «ለሰው ሁሉ መነጽር ስሸጥ ውዬ ለአባቴ አጣሁለት» ትላለች። አንድ ቀን ከከተማው ዳር የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን በስልኳ አንስታ መጣች። ጥላቸው በታረሰ መሬት ላይ ወድቆ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ተጣሟል።

«ይኸው። አንድ ፀሐይ።»

አገላብጦ አየው። «በስልክ ነው ያነሳሽው» አለ በመጨረሻ። «ስልክ ራሱ ይቀባል።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ እዚያው ቆሜ ነበር!»

«አንቺማ ቆመሽ ነበር። ስልኩ ምን ሲሠራ እንደነበር በምን ታውቂያለሽ?»

እናቷ ከስፌቷ ቀና ሳትል «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አባትሽ ደግሞ ሁለቱንም ነው» አለች። ሦስቱም ሳቁ። በዚያን ጊዜ ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

ሚስቱን ሳል የጀመራት በዚያው ሰሞን ነው። የጨርቅ ብናኝ ነው ብላ መስኮቱን ከፍታ መስፋት ያዘች። ከዚያ ላብ ያጠምቃት ጀመር፤ አንሶላውን በየጠዋቱ ታሰጣለች። ቀሚሷ ሲሰፋት ጎኑን በራሷ እጅ አጠበበችው። ጥቂት ቆይታ ያንኑ ቀሚስ እንደገና አጠበበች። እንደገና ልታጠብበው ስትል ልጇ ደርሳ መቀሱን ከእጇ ወሰደችና ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች።

አክታዋ ተመረመረ፤ ራጅ ተነሳች። የሳንባ ነቀርሳ ነው።

«እናቴ፣ ይህ የሚድን በሽታ ነው» አላት ሐኪሙ። «የሚድነው ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ነው። ቢሻልዎትም እንዳያቋርጡ። ካቋረጡ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያን ጊዜ ለእኛም ይከብደናል፣ ለእርስዎም ይከብድዎታል።»

ራጁን በትልቅ ፖስታ ይዘው ተመለሱ። አጣማሪው ፊልሙን አውጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘው። ልጅቱ በሳንባው ራስጌ ያለውን ነጭ ደመና፣ በመካከሉም ያለውን ክብ ቀዳዳ ልታሳየው ጣቷን ዘረጋች። እሱ ግን ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ፊልሙን አዘነበለው። ገለበጠው። መልሶ ገለበጠው። ከዚያም ጨለማ ክፍል ውስጥ ያደርግ እንደነበረው ከንፈሩን አርሶ የፊልሙን ጥግ በዚህም በዚያም በኩል ነካበት።

«ጀርባው የታለ?» አለ።

«የምን ጀርባ?»

«ፊልም ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ደብዛዛ ነው፤ ምስሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ጀርባው ያብለጨልጫል። ይሄ በሁለቱም በኩል አንድ ነው።» ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ይሄ የተነሳ ፊልም አይደለም፤ የታተመ ነገር ነው። ለመጣው ሁሉ ከዚያው እያነሱ ይሰጡታል።»

«አክታዋስ? አክታዋ እኮ ተመርምሯል!»

«አክታውን አንቺ አየሽው?»

«አባዬ፣ ስለ ጨረቃ የፈለግኸውን በል። ይቺ እናቴ ናት።»

«ሚስቴም ናት» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለዚህ እኮ ነው የማየው! እናቷ፣ እስቲ ንገሪያት፤ እዚያች ክፍል ውስጥ ስንት ፊልም አጥቤያለሁ?»

ሴትየዋ ከባሏ ወደ ልጇ፣ ከልጇ ወደ ባሏ አየች።

«በሌላው ነገር እንጃ» አለች። «በፎቶ ነገር ግን አባትሽ ተሳስቶ አያውቅም።»

ይህን ብትልም መድኃኒቱን ስለ ልጇ ብላ ጀመረች። አቅለሸለሻት፤ ምግብ ዘጋት፤ ሽንቷ ቀላ። ሐኪሙ ሽንት እንደሚቀላ አስቀድሞ ነግሯት ነበር። አጣማሪው ግን «የሚያድን ነገር ሰው ደም መሳይ ያሸናል?» እያለ ቤት ውስጥ ይንጎራደዳል። የራጁን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈው። ከጨረቃውም ከዕንቁላሉም የበለጠ ሰው መጣ። ብዙዎቹ በቤታቸው በሽተኛ ነበረባቸው። ቀን ቆርጦ በቀጥታ ሥርጭት እንደሚያስረዳ ቃል ገባላቸው፤ ርዕሱንም «ጀርባ የሌለው ፊልም» አለው።

ነገሩን እስከ ሥሩ ለመያዝ ብሎ፣ በዚያው በቀጠሮው ቀን ጠዋት፣ ራጁን በብብቱ ይዞ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄደ። ራጅ አንሺው ወጣት ነው። ጨረር የሚከላከል ከበድ ያለ ሽርጥ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይሄን እዚህ ነው ያነሳችሁት?»

«አዎ፣ ጋሼ። ምነው?»

«ጀርባው የታለ?»

ወጣቱ ፊልሙን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ከዚያም ፊቱ በራ።

«ፎቶ አንሺ ነዎት ማለት ነው! እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም። ይምጡ፣ ይምጡ፤ አሁን የማጥበው አለኝ።»

ወደ ጨለማ ክፍሉ አስገባው። ቀይ መብራት፤ እንደ ሆምጣጤ የሚሸት የፊልም ማጠቢያ። አጣማሪው ይህን ሽታ ካሸተተ ብዙ ጊዜው ነው፤ ባያስበውም እጅጌውን ሰበሰበ። ወጣቱ ገና ያልተነሳ ፊልም ቆርጦ ሰጠው። ከንፈሩን አርሶ ነካው። በዚህ በኩል ተጣበቀ። ገለበጠውና በዚያም በኩል ነካው። ተጣበቀ።

«ሁለት ፊት ነው ያለው» አለ ወጣቱ። «በሁለቱም በኩል የተቀባ ነው። ጨረሩን ከሁለት ወገን ስለሚይዘው በሽተኛው ላይ ጥቂት ጨረር ይበቃል። ለሰው ታስቦ ነው፣ ጋሼ።»

አጣማሪው ፊልሙን ወደ ቀዩ መብራት አስጠግቶ «ሁለት ምስል ከተደራረበ ጠርዙ አይደበዝዝም?» አለ።

«ትንሽ ይደበዝዛል። ሳንባ ለማየት ግን አያውክም። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች እንኳ ይሄ አይመጣላቸውም!»

ወጣቱ የተነሳውን ፊልም ውሃው ውስጥ ከተተ። ከጥቁሩ ውስጥ የአንድ ሰው ክንድ አጥንት ቀስ እያለ ወጣ። አጣማሪው እስኪጠራ ድረስ ጎንበስ ብሎ አየው። የገባው ማንም ሳያስገድደው ነው፤ በሙያው ገባው። አመስግኖ ወጣ።

ሲገባ ሚስቱ መኪናዋ ላይ ነበረች። ኪሱ ውስጥ ስልኩ በየጊዜው ይርገበገባል፤ ሰዎቹ ከአሁኑ እየተሰበሰቡ ነው።

«እህስ፣ አባቷ? ምን አሉህ?»

ኮቱን አወለቀ። ምስማሩ ላይ ሰቀለው። እጅጌውን አስተካከለ።

«ያው ነው» አለ።

«ያው ነው» ሁለት በር ያለው ቃል ነው። «እነሱ እንዳሉት ነው» ማለት ይሆናል፤ «እኔ እንዳልኩሽ ነው» ማለትም ይሆናል። ሰሚው በሚያምነው በር ይገባል። ሴትየዋ ባሏን ታምን ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሁለቱ መብራቶች መካከል ተቀምጦ ለሰዎቹ ተናገረ። የድሮ ኔጌቲቭ ከፍ አድርጎ ፊቱንና ጀርባውን አሳየ፤ ቀጥሎ የሚስቱን ራጅ አነሳ። «እስቲ የዚህን ጀርባ ፈልጉልኝ» አለ። ስለ ቀዩ መብራት፣ በሁለት ወገን ስለ ተጣበቀው ፊልም፣ ከውሃው ስለ ወጣው ክንድ አንድም አላነሳም። የሚመለከተው ሰው ቁጥር በስክሪኑ ጥግ ላይ እየጨመረ ይሄድ ነበር። ሚስቱ የመኪናው ድምፅ እንዳይረብሸው እግሯን ከመርገጫው አንስታ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና እስከ መጨረሻው ሰማችው። በማግስቱ ኪኒኖቹን በክር ሣጥኗ ውስጥ ከታች አደረገቻቸው።

ማቅለሽለሹ ተዋት። ምግብ መብላት ጀመረች። ፊቷም የተመለሰ መሰለ። «አየሽ?» ይላታል አጣማሪው፤ ይህን ሲል ከልቡ ደስ ይለዋል። ያየውን እንዳላየ ለማድረግ የሚረዳውን ነገር የሚስቱ ሰውነት ለጥቂት ጊዜ ሰጠው። ልጅቱ ስትጠይቅ እናቷ «እየዋጥኩ ነው» ትላለች፤ በአባትና በልጅ መካከል ጠብ እንዳይነሳ ብላ።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት የደንበኛ ነጭ መጋረጃ ስትዘመዝም አሳላትና በጨርቁ ላይ ደም ወደቀ። ጨርቁን ነክራ ልታጥበው ተነስታ መቆም አቃታት። ፀጉር አስተካካዩ ከነሽርጡ ሮጦ መኪና ጠራ፤ ልጅቱ ሐኪም ቤት ደረሰችባቸው። ሐኪሙ ከቤት የመጣለትን የድሮ ራጅና አዲሱን ጎን ለጎን ሰቀለ። በአጭሩ ነገራቸው። በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ከሌላው ተለይተው ወደሚተኙት በሽተኞች ክፍል ትገባለች፤ በሌላ መድኃኒት ይሞከራል።

አዲሱን ራጅ ያነሳት ያው ወጣት ነው። ስሟን ከካርዱ ላይ ሲያይ «የፎቶ አንሺው ባለቤት!» አላት። «ደህና ናቸው? ያን ቀን ፊልሙ ለምን ሁለት ፊት እንዳለው ሳሳያቸው ከእኔ ቀድሞ ነው የገባቸው። እንደሳቸው ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ለጉብኝት የሚፈቀደው በረንዳው ላይ ብቻ ነው፤ በሽተኛዋ ከወዲያ ጥግ፣ ጠያቂው ከወዲህ ጥግ፣ ሁለቱም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው። አጣማሪው የመጣ ቀን እንዲህ ተቀመጡ። ያመጣላትን ሙዝ ነርሷ አደረሰችላት።

«አባቷ» አለች።

«እህ።»

«ያን ቀን ‹ያው ነው› ስትለኝ፣ የቱ ነበር ያው?»

ከሽፍኑ በላይ ያሉ ዓይኖቿ ፊቱ ላይ ነበሩ።

«ራጅ አንሺው ልጅ ነግሮኛል። ቀድሞኝ ነው የገባው አለኝ። እያደነቀህ ነው የነገረኝ፤ ክፉ አስቦ አይደለም።»

«ልነግርሽ ነበር፣ እናቷ። እንዲያው... ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ...»

«እኔም እኮ እየጠበቅሁህ ነበር» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ አየር ስለሚያጥራት። ከዚያ ሙዙን ለነርሷ መልሳ «ለዚያች ከጎኔ ለምትተኛው ስጪያት፣ ጠያቂ የላትም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ እሱ ሲመጣ ተኝታለች ይሉታል።

አዲሱ መድኃኒት ጆሮዋን አደነቆራት፤ ሳንባዋን ግን አላዳነውም። ልጇ አጠገቧ ሆና ሞተች። ልጅቱ ለአባቷ በስልክ የነገረችው በሦስት ቃል ነው፤ «እማዬ አርፋለች። ና።»

ከቀብር ሲመለሱ ግሩፑ ውስጥ ሐዘን ሞልቶ ነበር። «መምህር፣ ገደሉብህ።» «ጤነኛ አስገብተው ሬሳ አወጡ።» «ደሟ ደማችን ነው፤ ተናገር፣ ከጎንህ ነን።» አጣማሪው ሁሉንም አነበበ። ከዚያ እንደ ልማዱ በሁለቱ መብራቶች መካከል ተቀመጠና ተናገረ። የራጅ ፊልም ሁለት ፊት አለው አለ። በከንፈሬ ነክቼ አውቄዋለሁ፤ ከመናገሬ በፊት አውቄ ነበር፤ ሚስቴን የገደላት ሐኪም አይደለም አለ። ስለ ጨረቃውም፣ መሬቱ ጎርባጣ መሆኑን አላሰብኩም ነበር አለ። በቤታችሁ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ካለ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት ብሎ ጨረሰ።

አንዱ «አስገድደውታል» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ዓይኑን ተመልከቱ፣ እያነበበ ነው» አለ። ጡረታ የወጣው የሒሳብ ሹም ቪዲዮውን አቁሞ፣ ከአጣማሪው ጆሮ ኋላ ግድግዳው ላይ የወደቁትን ጥላዎች በቀይ መስመር ከበባቸው፤ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ። «ራሱ መምህሩ ያስተማረንን አንርሳ። ይህ የተቀነባበረ ነው። መምህሩን ምን እንዳደረጉት እግዜር ይወቅ።» ከምሽቱ በፊት ከግሩፑ አስወጡት።

አንዲት ሴት ብቻ ለብቻው ጻፈችለት። «እናቴ የሳንባ መድኃኒት ጀምራ ነበር። እርስዎን ሰምተን አስቁመናታል። ይሄ ዛሬ የወጣው እውነት የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው» ብሎ መለሰ። «አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት።»

«እርስዎ ከሆኑ ድምፅዎን ያሰሙኝ።»

ደወለ። ሴትየዋ አነሳች። ከኋላዋ አንድ ሰው ያስላል።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ያቺ የምታስለው እናትሽ ናት? ስሚኝ፤ እኔ ዋሽቼያለሁ። ፊልሙ እውነተኛ ነው። እባክሽን፣ እግርሽ ሥር ወድቄ...»

«ድምፁንም አስመስለውታል» አለች ሴትየዋ፤ የተናገረችው አብሯት ላለ ሰው ነው። ስልኩ ተዘጋ። ደግሞ ሲደውል አልገባ አለው።

ልጅቱ ቁጥሩን ከአባቷ ስልክ ላይ ገልብጣ በራሷ ስልክ ደወለች። ጠራ፤ አልተነሳም። መልእክት ጻፈች፤ አልተነበበም። ግሩፑ ውስጥ የሴትየዋ ስም «የማለዳ ኮከብ» ይላል፤ በፊቷ ቦታ ያለው የአበባ ፎቶ ነው። አባትና ልጅ ስልኩን በመካከላቸው አስቀምጠው፣ በየትኛው ከተማ ትኖር ይሆን ብለው፣ አባትየው በስልክ ከሰማው አነጋገሯ ለመለየት ሞከሩ። በድምፅዋ ያለችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የየትም አገር ሰው ሊለው ይችላል።